ፎቶውን ከሲቪሽ ላይ አውጪው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ፊኒክስ፣ አሪዞና የምትኖር የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ናት። ባለፈው ነሐሴ ዝናቡ ባባራ ማታ ደጃፋቸው ላይ የሶኖራ ኮራል እባብ አገኘች። መዳፏ ላይ አድርጋ ፎቶ ተነሳች። ከዚያ ወዲህ ልቧ እባብ ላይ ነው። እናቷ ደግሞ "ነርሲንግ ብትገቢስ?" ይሏታል። "በእባብ እንጀራ ይበላል ወይ?" ብላ ጽፋልኛለች፤ ሲቪዋንም ልካለች።

እህቴ፣ ይበላል። ከሁሉ በፊት ግን ያን ፎቶ ከሲቪሽ ላይ አውጪው።

አትቀየሚኝ፣ ፎቶው ያምራል። እንደ እርሳስ የቀጠነ ገላ፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለበት። ችግሩ እጅሽ ነው። ይህ ትንሽ እባብ ከኮብራና ከማምባ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ መርዙም የሚያጠቃው ነርቭን ነው። እርግጥ በእሱ ተነድፎ ሞተ ተብሎ የተመዘገበ ሰው የለም። አፉ ጠባብ ነው፣ ካልነኩትም አይነካም። ቢነድፍሽ ግን ለፍሎሪዳው ዘመዱ የተሠራው ማርከሻ ለዚህኛው አይሠራም። ቀጣሪ ያን ፎቶ ሲያይ "ይቺ ልጅ የኢንሹራንስ ራስ ምታት ናት" ብሎ ያልፍሻል።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ እንዲህ ብለሻል፦ "ጭንቅላቱን ከጥቅሉ ሥር ደበቀ፣ ጭራውን ጠምዝዞ አነሳ፣ ከዚያ ጧ ጧ የሚል ድምፅ አሰማ።" ድምፁ ከአፉ አልነበረም። አየር ከኋላው እያስወጣ ነው፤ በግልጽ አማርኛ ፈሱን ነው። መሸሻ ሲያጣ ጠላቱ ጭራውን ጭንቅላት መስሎት እንዲሳሳት ያደርጋል። ብዙውን ዕድሜውን ድንጋይና አፈር ሥር ስለሚያሳልፍ ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ብዙ አይደለም። አንቺ አይተሻል! ግን ስንት ሰዓት ነበር? ሙቀቱስ? ዝናቡ ካባራ ምን ያህል ቆይቶ ነው? አንዱንም አልጻፍሽም። ፎቶው በነበረበት ቦታ መግባት ያለበት ይህ ማስታወሻ ነው።

ሌላም አርሚ። "ቀይ ቢጫን ከነካ መርዛም ነው" በሚለው የአሜሪካኖች ግጥም እንደለየሽው ጽፈሻል። አሪዞና ውስጥ ይህ ያሳስታል፤ ቀይና ቢጫቸው የሚነካካ ምንም የማያደርጉ እባቦች አሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ እነሱም የሚተርፉት በዚሁ መመሳሰል ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ "ጭንቅላቱ እስከ ዓይኑ ኋላ ጥቁር ነው፣ ቀለበቶቹም ሆዱን ሳይቀር ይዞራሉ" በዪ። ያኔ ጠያቂው ቀና ብሎ ያይሻል።

አሁን ወደ እንጀራው። አንድ ዝርያ ብቻ እንድትከተዪ ደመወዝ የሚከፍል የለም ማለት ይቻላል። የሶኖራ ኮራል እባብ በብዛት የሚበላው ሌሎች እባቦችን ነው፤ በተለይ ቀጫጭኖቹንና ዕውር የሚባሉትን። እነዚያ ደግሞ ጉንዳንና ምስጥ ይበላሉ። ስለ እሱ ለመናገር ምስጥ ድረስ መውረድ አለብሽ። ስለዚህ የቀረሽን አንድ ዓመት ስታትስቲክስ፣ በኮምፒውተር ካርታ መሥራትና የዲኤንኤ ላብ ላይ አውዪው። ስታትስቲክሱን እንደማትወጂው ከውጤትሽ አይቻለሁ። ቢሆንም ድገሚው።

ሥራ ከየት? የአሪዞና የዱር እንስሳትና ዓሣ መሥሪያ ቤት አለ። መንገድ ወይም የፀሐይ ኃይል ጣቢያ ከመሠራቱ በፊት ቦታውን የሚያጠኑ ድርጅቶች አሉ፤ ጀማሪ የሚገባው ብዙ ጊዜ በዚህ በር ነው፣ ሥራውም ወቅታዊ ነው። የፌዴራሉ አብዛኛውን ጊዜ ዜግነት ይጠይቃል፤ ግሪን ካርድ ላይ ከሆንሽ ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው አንብቢ።

የእናትሽን ሐሳብ ግን አትጣዪው። ቱሳን ባለው የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ስለ መርዝና ማርከሻ የሚመራመር ማዕከል አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ ያስገባው በ2017 ነው፤ በእሱ ግምት በዓለም ላይ በዓመት ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው ይሞታል። ከባሌ ተራሮች አዲስ የእፉኝት ዝርያ ለሳይንስ የተገለጸው ገና በ2016 ነው። አገር ቤትም ሥራው ገና ነው ማለት ነው። ለእናትሽ "ጤና ላይ ልሠራ ነው" ብትያቸው ውሸት አይሆንም።

ማዕከሉ ውስጥ ላሉ ሁለት ተመራማሪዎች በዚህ ሳምንት ኢሜይል ጻፊ። ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ፣ የጭራውንም ነገር አትርሺ። ከመላክሽ በፊት እኔ ልየው።