ፈርሶ የተሠራን ቤተ ክርስቲያን ስለ መጎብኘት

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ በሚገኝ ፋብሪካ የጥገና ባለሙያ ነኝ። ለሥልጠና ወደ ጀርመን ድሬስደን ከተማ ልሄድ ነው። ቀደም ብለው የሄዱ ባልደረቦቼ «ፍራውንኪርሸ የሚባለውን ቤተ ክርስቲያን ሳታይ እንዳትመለስ» ቢሉኝም፣ ሕንጻው በቅርቡ የተሠራ መሆኑን ስሰማ፣ ላሊበላን ላየ ሰው ምን ይጨምርለታል ብዬ አመነታሁ። ኦርቶዶክሳዊ ስለሆንሁ የአገባብ ሥርዓቱንም ብትነግሩኝ እወዳለሁ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ማመንታትዎ አያስወቅስም፤ ሆኖም ይህን ቤተ ክርስቲያን ለጉብኝት የሚያበቃው ፈርሶ መሠራቱ ራሱ ነው፤ በተለይ ለጥገና ባለሙያ። በጌኦርግ ቤር ንድፍ ከ1726 እስከ 1743 እ.ኤ.አ. የታነጸው ይህ የባሮክ ዘመን ሥራ፣ 12,000 ቶን ያህል የሚመዝን የድንጋይ ጉልላት ነበረው። በፌብሩዋሪ 13 ቀን 1945 ሌሊት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ሲያነዱ ጉልላቱ ወዲያው አልወደቀም፤ የተሸከሙት ዓምዶች በእሳቱ ግለው አቅም ስላጡ በፌብሩዋሪ 15 ቀን ጠዋት ተደረመሰ። ፍርስራሹም በምሥራቅ ጀርመን ዘመን ሁሉ እዚያው ተከምሮ ኖረ።

ሁለቱ ጀርመኖች ከተዋሐዱ በኋላ ድንጋዮቹ ተለቅመው፣ ተለክተውና ተመዝግበው፣ ደህና የሆኑት የቀድሞ ቦታቸው በኮምፒውተር ጭምር ተፈልጎላቸው ግንባታው በ1994 ተጀመረ፤ ሕንጻውም በኦክቶበር 30 ቀን 2005 ተመረቀ። ከወጣው 180 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ የሚበዛው ከመዋጮ የተገኘ ነው።

ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት አደባባዩ ላይ ቆመው ግድግዳውን ይመልከቱ። ጥቁሮቹ ድንጋዮች የጥንቶቹ፣ ነጣ ያሉት አዲሶቹ ናቸው። የአካባቢው አሸዋ ድንጋይ ብረት ስላለበት በዕድሜ ይጠቁራልና፣ ልዩነቱ እንዲህ ጎልቶ የሚታየው ለጊዜው ነው። በጉልላቱ ጫፍ ያለውን መስቀል የሠራው እንግሊዛዊ አንጥረኛ አለን ስሚዝ ሲሆን፣ አባቱ ከተማዋን ከደበደቡት አብራሪዎች አንዱ ነበር። ከፍርስራሹ ተጣሞ የወጣው የቀድሞው መስቀል በውስጥ ይገኛል፤ በእኛ አስተያየት ከወርቅ ቅቡ መሠዊያ ይልቅ እርሱ ዘንድ ቆም ማለት ይበጃል።

ሥርዓቱን በተመለከተ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በአገራችን መካነ ኢየሱስ የምትከተለውን የሉተራን እምነት የያዘ ነው። ጫማ አይወለቅም፤ ወንዶች ባርኔጣ ያወልቃሉ። መጋረጃና ቅኔ ማሕሌት የለመደ ዓይን፣ በፈካ ቀለም የተቀባውንና ምእመናን ዙሪያውን ፎቅ በፎቅ የሚቀመጡበትን አዳራሽ መጀመሪያ ግር ሊለው ይችላል። ከጸሎትና ከሙዚቃ ዝግጅት ሰዓት ውጪ መግቢያው ነጻ ነው። 67 ሜትር ላይ ወዳለው የጉልላቱ መመልከቻ መውጣት ግን ይከፈልበታል፤ ጥቂቱ በሊፍት፣ ቀሪው በእግር ነው፤ የሐረጎን ዳገት በእግሩ ለወጣ ሰው ይህ ብዙም አይከብድም።