ያላያችሁትን አትሳሉ

ይድረስ ለጎጃም ተማሪዎች፤ ባዮሎጂ ለምትወዱም፣ ለፈተና ብላችሁ ብቻ ለምትሸመድዱም።

እንደምን ከረማችሁ ልጆቼ? እኔ ዕድሜዬን በላብራቶሪ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በጎጃም ጤና ጣቢያዎች ደም ስቀባ፣ አክታ ስመረምር፣ ሰገራ ሳይ ኖሬያለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። የሰፈር ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ይመጡና "ጋሼ፣ ስለ ሕዋስ ያስረዱን" ይሉኛል።

ደብተሩን ስገልጠው ያው ሥዕል ነው። አንድ ትልቅ ክብ፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ክብ፣ ዙሪያውን ቀስት በቀስት። ከሥሩ "ሚቶኮንድሪያ የሕዋስ የኃይል ማመንጫ ነው" ተብሎ ተጽፏል። ልክ ነው፣ ስህተት የለውም። "ይህን ሕዋስ የት አየኸው?" ብዬ ስጠይቅ ግን ልጁ ዝም ይላል። አልፈርድበትም። እኔም በእሱ ዕድሜ ዝም ነበር የምለው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያንን ዝምታ ስለማውቀው ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው። ለፋሲካ ቤት ዶሮ ሲታረድ አንዲት ጠብታ ደም ስላይድ በምንላት ስስ መስታወት ላይ አሳረፍኩ። በሌላ ስላይድ ጠርዝ ስስ አድርጌ ገፋሁት፣ አደረቅኩት። በማግስቱ ተረኛ ነበርኩ። በሜታኖል አጣብቄ በጂምሳ ቀለም ነከርኩትና ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባሁት። ከዚያ በፊት በመቶ የሚቆጠር የሰው ደም አይቻለሁ። የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ክብ ነው፤ መሃሉ ሰርጎድ ያለ፣ ኒውክለስ የሌለው። የዶሮዋ ግን ሞላላ ነው። እያንዳንዱ መሃሉ ላይ ጠቆር ያለ ሐምራዊ ኒውክለስ ይዟል። አንዱም ባዶ የለም። የተልባ ፍሬ የተበተነ ነው የሚመስለው። ሻዬ ቀዘቀዘ፣ እኔ ዓይኔን አላነሳሁም።

ለምን ተለያዩ? የእኛም ቀይ የደም ሕዋስ ሲፈጠር ኒውክለስ ነበረው። አጥንት መቅኔ ውስጥ እያደገ ሳለ አውጥቶ ይጥለዋል። በኋላም ሚቶኮንድሪያውን ያስወግዳል። ቦታው ለሄሞግሎቢን ይለቀቃል። ሄሞግሎቢን ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን ነው፤ በአንዷ ሕዋስ ውስጥ ወደ 270 ሚሊዮን የሚጠጋ ሞለኪውል ታጭቋል። ሚቶኮንድሪያ ደግሞ ኦክስጅን ፈጂ ነው። እሱ ስለሌለ ቀይ የደም ሕዋስ ከተሸከመው ላይ አይቀንስም። ለራሱ የሚበቃውን ጉልበት ያለ ኦክስጅን ከስኳር ያገኛል። ጤፍ ተጭና ገበያ የምትወርድ፣ አፏ የታሰረ አህያ አስቡ። ጭነቱ ሳይጎድል ይደርሳል።

ጉዳትም አለው። ኒውክለስ የሌለው ሕዋስ የሥራ መመሪያው፣ ማለትም ዲኤንኤው፣ አብሮት የለም። አዲስ ፕሮቲን ሠርቶ ራሱን አይጠግንም። 120 ቀን ገደማ ያገለግላል፣ ከዚያ ያረጃል፣ ጣፊያና ጉበት ይለቅሙታል። መቅኔ በየሰከንዱ ወደ 2 ሚሊዮን የሚሆን አዲስ ይተካል። ይህን ዓረፍተ ነገር አንብባችሁ እስክትጨርሱ ስንት ሚሊዮን እንደተወለደ አስሉት።

ስፋቱ ከ7 እስከ 8 ማይክሮን ነው። አንድ ሚሊሜትር ላይ 130 ያህሉን በተርታ መደርደር ይቻላል። የሚያልፍባቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች አንዳንዶቹ ከእሱ ይጠባሉ። ስለዚህ ይታጠፍና ይሾልካል። ቅርጹም፣ ልስላሴውም፣ ባዶነቱም ለሥራው ነው።

ይህን ሁሉ ተምሬው ነበር። ፈተናም አልፌበታለሁ። የገባኝ ግን የዶሮዋን ደም ያየሁ ቀን ነው።

አሁን የሚከብደኝን ልንገራችሁ።

ጥቅምት ነው። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲቋጥር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ወባ የሚበረታበት ጊዜ። ወረፋው እስከ ግቢው በር ደርሷል። አንዲት እናት ከቆላው ልጇን አዝላ መጣች። ጣቱን ወግቼ ደም ወሰድኩ፣ ቀባሁ፣ አቀለምኩ። ሃያ ፊልድ ያህል አየሁ። ፊልድ የምንለው በማይክሮስኮፑ በአንድ ጊዜ የሚታየውን ክብ ስፍራ ነው። ምንም አላገኘሁም። ወረቀቱ ላይ "የለም" ብዬ ጻፍኩና ቀጣዩን ጠራሁ። ደንቡ ግን ወባ የለም ለማለት ቢያንስ 100 ፊልድ እይ ይላል። አውቀዋለሁ። ቸኮልኩ።

በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። ልጁ አንገቱን መሸከም አቅቶታል። "ዶክተር፣ የለበትም ብለውኝ ነበር እኮ" አለችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

የፊቱን ስላይድ ከሳጥን አውጥቼ ከመጀመሪያው ቆጠርኩ። 43ኛው ፊልድ ላይ አንዲት ቀለበት አገኘሁ። ሰማያዊ ክብ፣ ጫፏ ላይ ቀይ ነጥብ። ፋልሲፓረም፣ ክፉው የወባ ዓይነት። ሦስት ቀን ሙሉ ሳጥኑ ውስጥ ነበረች። ልጁ ወደ ሆስፒታል ተላከ፣ ዳነም። እኔ ግን ያቺን ቀለበት እስከ ዛሬ እንዳየኋት ናት።

የዚያን ቀን ያልገባኝ ነገር የሕዋስ ጉዳይ ነው። ፋልሲፓረም ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ሲያድግ የሕዋሱን ሽፋን ይለውጠዋል። ላዩ ላይ ጥቃቅን እብጠቶች ያወጣል። በእነዚያ እብጠቶች ሕዋሱ ከቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ጣፊያ እንዳይለቅመው መደበቁ ነው። በአንጎል ውስጥ ሲጣበቅ ደግሞ ሕፃን ራሱን ይስታል። ስለዚህ ጣት ላይ የምናየው ገና ያላደጉትን ጥቂቶች ነው። የጣቱ ደም ጥቂት አሳየ ማለት ሰውነቱ ውስጥ ጥቂት ነው ማለት አይደለም። መቶ ፊልድ የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ቫይቫክስ የሚባለው ሌላው የወባ ዓይነት ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ወጣት ቀይ የደም ሕዋሳትን ይመርጣል። የገባበትም ሕዋስ ይተልቃል፤ ስላይድ ላይ ከጎረቤቶቹ ወፍሮ ይታያል። በጉበት ሕዋስ ውስጥ ተኝቶ የሚቀር ዘርም አለው። ሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ የተመለሰ ሰው ከወራት በኋላ "ወባዬ ተነሳብኝ" ሲል አዲስ ትንኝ ላይነክሰው ይችላል። የተኛው ነቅቶበት ይሆናል። ፕሪማኩይን የሚሰጠው ለዚያ ለተኛው ነው። ትኩሳቱ ለቀቀኝ ብላችሁ መድኃኒቱን እንዳታቋርጡ፤ ቤተሰቦቻችሁንም አደራ።

ስለ ሽፋን ካነሳሁ አይቀር፣ ከሕዋስ ክፍሎች ሁሉ ተማሪ የሚንቀው የሕዋስ ሽፋንን ነው። አንድ መስመር ይሰምርና ያልፋል። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን እንጀራ የበላሁት በእሱ ነው። ከሁለት ድርብ ስብ የተሠራ ስስ ነገር ነው፤ መሃል መሃሉ ላይ በር የሚሆኑ ፕሮቲኖች ተሰክተውበታል። ውሃ ያሳልፋል፣ ጨውን ዝም ብሎ አያሳልፍም። እናታችሁ ጎመን ላይ ጨው ስትነሰንስ ውሃ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ውሃው ከሕዋሶቹ ውስጥ ወደ ጨው እየወጣ ነው። ተቃራኒውም አለ። ቀይ የደም ሕዋስን ንጹህ ውሃ ውስጥ ብትጨምሩት ውሃው ወደ ውስጥ ይገባና ይፈነዳል። ደም ሥር ውስጥ የሚሰጠው ሳላይን 0.9 በመቶ ጨው የሚኖረው ሕዋሶቹ እንዳይፈነዱ ነው።

እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ያንን መፈንዳት እንፈልገዋለን። ወባ ስንፈልግ ደሙን ወፈር አድርገን እንቀባለን። ይህን ወፍራም ቅብ በሜታኖል አናጣብቀውም። ውሃ ያለበት ቀለም ሲነካው ቀይ የደም ሕዋሳቱ ሁሉ ይፈነዳሉ፣ ቀያቸው ይታጠባል። ነጭ የደም ሕዋሳትና ወባው ይቀራሉ። ሕዝቡን አሰናብቶ ሌባውን ብቻ ማስቀረት በሉት። ዘዴው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ አሁንም በየጤና ጣቢያው ይሠራል።

ከእኛ በፊት ያዩትንም አስታውሱ። ሮበርት ሁክ በ1665 እ.ኤ.አ. የቡሽ ቁራጭ አየ። ትንንሽ ክፍሎች መሰሉትና በእነሱ ስም "ሴል" ብሎ ጠራቸው። ያየው የሞቱ ሕዋሳትን ግድግዳ ብቻ ነበር፤ ውስጣቸው ባዶ ነው። ሕይወት ያለውን ያየው ሌቨንሁክ ነው። ሆላንድ ውስጥ ደልፍት በምትባል ከተማ ጨርቅ ይነግድ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። መስታወቱን በእጁ እየሞረደ በ1670ዎቹ በኩሬ ውሃ ውስጥ የሚርመሰመሱትን ጥቃቅን ፍጥረታት አየ፣ ቀይ የደም ሕዋስንም ገለጸ። ላቬራን የሚባል ፈረንሳዊ የጦር ሐኪም ደግሞ በ1880 አልጄሪያ ውስጥ በአንድ ወታደር ደም ላይ ወባን ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። ያኔ ወባ የሚመጣው ከመጥፎ አየር ነው ይባል ነበር። ብዙዎች አላመኑትም። በ1907 ኖቤል ተሸለመ።

"ጋሼ፣ እኛ ጋ ማይክሮስኮፕ የለም" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ብዙ ትምህርት ቤት አንድ ብቻ አለው፣ እሱም ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ያሳዝነኛል። መምህሮቻችሁን ደጋግማችሁ ለምኑ። መብራት ባይኖርም በመስታወቱ የሰማይ ብርሃን እየሰበሰበ የሚሠራ አለ፤ እኔ የተማርኩት በእሱ ነው። በቀጥታ ወደ ፀሐይ ብቻ አታዙሩት፣ ዓይን ያጠፋል። እስከዚያው በባዶ ዓይንም የሚታይ አለ። ባሕር ዳር ያላችሁ ታንኳ ታውቃላችሁ። የሚሠራበትን ደንገል በምላጭ አግድም ቁረጡት። ውስጡ ስፖንጅ ነው። ሕዋሳቱ በመካከላቸው አየር የሚይዝ ክፍተት እየተዉ ነው የተደረደሩት። ሥሩ ያለበት ረግረግ ጭቃ አየር ስለሌለው ከላይ በዚያ በኩል ይወርድለታል። እኛ ደግሞ በዚያው አየር ሐይቅ ተሻገርንበት።

ባለፈው ዓመት አንድ መምህር ክፍሉ ጋበዘኝ። ቀይ ሽንኩርት ይዤ ሄድኩ። የሽንኩርቱን የውስጠኛ ስስ ሽፋን በወረንጦ ላጥን። ስላይድ ላይ በአዮዲን ጠብታ ዘረጋነው። መሸፈኛዋን መስታወት በአንድ ጎን አስነክተን ቀስ እያልን አጋደምናት። ዝም ብላችሁ ከጣላችኋት አየር ትይዛለች። የአየሩ አረፋ ደግሞ ጥርት ያለ ጥቁር ጠርዝ ያለው ክብ ሆኖ ስለሚታይ ተማሪ ሁሉ ሕዋስ ነው ብሎ እሱን ይስላል።

ተማሪዎቹ ተራ በተራ አዩና ሳሉ። ሥዕሎቹን ስሰበስብ አርባ ያህሉ ላይ ክሎሮፕላስት፣ ማለትም በብርሃን ምግብ የሚሠራው አረንጓዴ የሕዋስ ክፍል፣ ተስሏል። ሽንኩርቱ ላይ ግን አንድም አልነበረም። መጽሐፉ የዕፅዋት ሕዋስ ክሎሮፕላስት አለው ስለሚል ነው የሳሉት። ሽንኩርት አፈር ውስጥ የሚኖር ነገር ነው፤ ብርሃን ሳያገኝ ክሎሮፕላስት ምን ያደርግለታል? ያላዩትን ሳሉ። እኔም "የለም" ብዬ የጻፍኩት እንደዚሁ ነበር።

አንዲት ልጅ ብቻ ግድግዳውንና ኒውክለሱን ስላ ሌላውን ባዶ ትታዋለች። ለምን ብዬ ጠየቅኳት።

"አላየሁማ" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "ጋሼ፣ ድንችስ? ድንችም አፈር ውስጥ ነው። ፀሐይ ላይ ሲቆይ ግን አረንጓዴ ይሆንና እማዬ ይመራል ብላ ትጥለዋለች። አረንጓዴው ከየት መጣ?"

በዚህ ሁሉ ዓመት ይህን የጠየቀኝ የለም። ድንች ውስጥ ስታርች የሚያከማቹ ክፍሎች አሉ፤ ከክሎሮፕላስት ጋር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ብርሃን ሲያገኙ መልካቸውንም ሥራቸውንም ይለውጣሉ። ይህን ነገርኳት። ፊቷን ሳየው ግን አላመነችኝም። ደስ አለኝ።

ሁለት ድንች ወሰደች። አንዱን መስኮት ላይ፣ አንዱን ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። መስኮት ላይ የነበረው ጎኑ አረንጓዴ ሆኗል። ቆዳውን በምላጭ እጅግ ስስ አድርጋ ቆረጠች፣ ሦስቴ አበላሽታ አራተኛው ቀጠነላት። መስታወቱን ወደ ሰማዩ አዞረች። ረጅም ጊዜ ጎንበስ ብላ ቆየች፤ ከኋላዋ የተሰለፉት ልጆች እየገፏት ነበር። ከዚያ አረንጓዴ እርሳስ ተበድራ መሳል ጀመረች፤ አንድ ነጥብ ታስቀምጣለች፣ እንደገና ጎንበስ ትላለች፣ ሌላ ነጥብ ታስቀምጣለች።