የአባቴ ላንድክሩዘር ዋልካ ላይ ይሾራል፣ ሎከር ይግባለት ወይስ አይግባ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ዲፈረንሻል፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለግራና ለቀኝ ጎማ ስለሚያካፍለው ክፍል፣ እና ሁለቱ ጎማ እንደ አንድ እንዲዞሩ እሱን ስለሚዘጋው ሎከር ናቸው፣ ክረምት መግባቱን በዚህም አወቅኩ። ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያውን ረዘም አድርጌ ነው የመለስኩት ምክንያቱም የሱ ችግር አሮጌ ፎር ዊል ይዞ ገጠር የሚመላለስ ሰው ሁሉ ችግር ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በፈረንጅ የ1978 ሞዴል ቢጄ40 ላንድክሩዘር አለኝ፣ ከአባቴ የወረስኳት ናት፣ ሞተሯ ሰላም ነው። ግን ሐምሌ ሲገባ ወደ ቤታችን የሚወስደው የዋልካ መንገድ ላይ አንዱ የኋላ ጎማ ይሾራል ሌላው ዝም ብሎ ይቆማል፣ ፎር አስገብቼም ያው ናት። አንድ መካኒክ የኋላውን ዲፈረንሻል በይደን እንዝጋው፣ በአንድ ቀን ያልቃል አለኝ። አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ በአየር የሚሰራ ሎከር ልላክልህ ትላለች። የቱን ላድርግ? (ከመሐል ሜዳ፣ መንዝ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አባትህ እዚህ ድረስ ያቆየልህን መኪና አታስበይድ፣ ይሄን መጀመሪያ ልበልህና ምክንያቱን ላስረዳህ።

ዲፈረንሻል የተሰራው መኪና ስትታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ ነው፣ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ መሃሉ ላይ ያሉት ትንንሽ ጥርሶች ይፈቅዱላቸዋል። ጉልበቱን ግን ሁሌም ለሁለቱ እኩል ነው የሚያካፍለው፣ ችግሩም እዚህ ጋ ነው። አንዱ ጎማ የሚያዳልጥ ጭቃ ላይ ሆኖ ለመዞር ትንሽ ጉልበት ብቻ ከበቃው ደረቅ ላይ ያለው ጎማም የሚያገኘው ያችኑ ትንሿን ነው፣ እሷ ደግሞ መኪና አትገፋም። ስለዚ ነዳጅ ብትጨምር የሚጨምረው ሽረቱ ነው፣ ሞተሩ ደክሞ እንዳይመስልህ።

ሲበየድ ሁለቱ ጎማዎች እንደ አንድ ይሆናሉ፣ እውነት ነው ከጭቃው ትወጣለህ። ግን ከዛ ደብረ ብርሃን አዲስ አበባ አስፋልት ላይ ስትወጣ በእያንዳንዱ መታጠፊያ አንዱ ጎማ መንሸራተት ግድ ይሆንበታል፣ ጎማ ይበላል፣ አክስሉ (ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ) ይጠመዘዛል፣ አንድ ቀን ይሰበራል። የተበየደ ዲፈረንሻል ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም፣ ሶማሌ ተራ ሄደህ ሌላ መፈለግ ነው። እኔን ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ዋልካው ራሱ ነው። የገጠር መንገድ መሃሉ ከፍ ብሎ ዳርና ዳሩ ወደ ቦይ ያዘነብላል አይደል? አንድ ጎማ ብቻ ሲሾር ሌላው ቆሞ የመኪናዋን ቂጥ ይይዝልሃል። ሁለቱም አንድ ላይ ከሾሩ ግን የሚይዛት የለም፣ ኋላዋ ወደ ቦዩ ትንሸራተታለች። መንዝ ውስጥ ቦይ የተባለው አንዳንዱ ቦታ ገደል እንደሆነ አንተ ከኔ በላይ ታውቃለህ።

አሁን ከደብዳቤህ ውስጥ በጣም የያዘኝን ነገር ላንሳ። ፎር አስገብቼም ያው ናት ብለሃል። ይሄ መሆን አልነበረበትም፣ ፎር ስታስገባ ከፊትም አንድ ጎማ መጎተት አለበት፣ ዲፈረንሻሉ ክፍት ቢሆንም። እኔ የምጠረጥረው የፊት ጎማዎቹን ሎክ ነው፣ ሎከሩን ሳይሆን ጎማ መሃል ላይ ሆኖ ጎማውን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዘውን። በእጅ የሚዞረው ሎክ በዛ ዕድሜ ውስጡ ግሪሱ ደርቆ ወይ ስፕሪንጉ ደክሞ ከላይ ሎክ የሚለው ላይ ዞሮ ከውስጥ ሳይይዝ ይቀራል፣ ሹፌሩም ፎር ነኝ ብሎ በሁለት ጎማ ይሄዳል። እንዲህ ፈትሽ፦ ደልዳላ ቦታ ላይ የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ደግፍ፣ ሞተሩን አጥፍተህ ማርሽ ውስጥ ተዋት፣ ፎር አስገባ፣ ሁለቱንም ሎክ አድርግ፣ ከዛ ሁለቱን የፊት ጎማ አንስተህ በካቫሌቶ (በብረት መደገፊያ) አስቀምጥና አንዱን በእጅህ አዙር። ሌላው በተቃራኒው መዞር አለበት። ካልዞረ ከሁለቱ አንዱ ሎክ አልያዘም ማለት ነው፣ እሱን ፈቶ ማጠብና ግሪስ ማድረግ ከሎከር ጋር የማይወዳደር ትንሽ ወጪ ነው። ምናልባት ግማሹ ችግርህ እዚሁ ያልቃል።

ጎማህንም እይ። ሰፊ የአስፋልት ጎማ ካሰርክባት ዋልካው ጥርሱን ሞልቶ እንደ ኳስ ድቡልቡል ያደርገዋል፣ ምንም ሎከር ያንን አያድነውም። ለዚህ መኪና ድሮ የነበረው ቀጭኑ 7.50 በ16 ጥርሱ ገባ ያለው ሆኖ ጭቃውን ቆርጦ ስር ያለውን ጠንካራ መሬት ይፈልጋል፣ ለዋልካ እኔ እሱን እመርጣለሁ። የጎማ ሰንሰለትም በረዶ አገር ብቻ የሚያገለግል እንዳይመስልህ፣ ከወንበር ስር ብታስቀምጠው አንድ ቀን ታመሰግነኛለህ።

ይሄን ሁሉ አድርገህ ገንዘቡም ካለ፣ አዎ፣ እህትህ ልክ ናት። ከኋላ ሲፈልጉ የሚዘጋ ሲፈልጉ የሚከፈት የአየር ሎከር ነው ለዚህ አገር የሚሆነው። ሌላ ረከስ ያለ አይነት አለ፣ እዛው በነባሩ ቤት ውስጥ መሃሉን ትንንሽ ጥርሶች ብቻ አውጥቶ የሚተካ፣ ራሱ የሚይዝ ራሱ የሚለቅ። ገጠማው ቀላል ነው፣ ኮሮናና ፒኞኑ (ትልቁና ትንሹ ዋና ጥርስ) አይነካም፣ ብዙ ሰው በሱ ደስተኛ ነው። ግን ነዳጅ ስትረግጥ ሳትጠይቀው ይይዛል፣ ያዘነበለ ዋልካ ላይ ደግሞ መቼ እንደሚይዝ መወሰን ያለብህ አንተ ነህ፣ ለዚህ ነው የማልመክርህ። ፊት ላይ ማድረግም ይቻላል፣ መሪ ያከብዳል፣ መሪ እስከ መጨረሻው ጠምዝዘህ ነዳጅ ከረገጥክ ደግሞ የፊቱን የአክስል መገጣጠሚያ ይሰብራል። መጀመሪያ የኋላው።

ለእህትህ ከመንገርህ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጥ። አንደኛ የኋላ ጎማህን መሃል እይ፣ ሃቡ ወደ ውጪ ወጥቶ ዙሪያውን ዳዶ ካለው የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው የአክስሉ ቤት ነው፣ አክስሉ የሚያዞር ብቻ ነው፣ ጎማውን ሳትፈታ ትስበዋለህ። ጠፍጣፋ ከሆነ ክብደቱም አክስሉ ላይ ነው፣ ከተሰበረ ጎማው ይዞት ሊወጣ ይችላል፣ የሚታዘዘውም ሎከር ይለያል። ሁለተኛ አክስሉን አውጥተህ ዲፈረንሻሉ ውስጥ የሚገባው ጫፍ ስንት ጥርስ እንዳለው ቁጠር፣ የድሮዎቹ 10 ወፋፍራም ጥርስ ናቸው የኋለኞቹ 30 ቀጫጭን፣ በግምት ታዞ አሜሪካ ድረስ የሚመለስ ዕቃ ያናድዳል። ሦስተኛ ባትሪህ 12 ነው ወይስ 24 ቮልት? ከናፍጣዎቹ ባለ 24 የሆኑ አሉ፣ አየር የሚሰጠው ትንሿ ኮምፕረሰር በዛ ነው መታዘዝ ያለባት።

ገጠማው ላይ አትቸኩል፣ ለማንም መካኒክ አትስጣት። የአየር ሎከር ሲገባ ኮሮናው ከድሮ ቤቱ ወጥቶ አዲሱ ላይ ስለሚታሰር ከፒኞኑ ጋር ያለው ክፍተት እንደገና መለካት አለበት፣ ለዚህ ዲፈረንሻል ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊሜትር ነው፣ በዳያል ጌጅ (ክፍተት በሚለካ መሣሪያ) እንጂ በእጅ ወዝወዝ አድርጎ ልክ ነው የሚባል ነገር የለም። ጥርሱ ላይ ቀለም ቀብቶ አዙሮ ንክኪው መሃል ላይ ማረፉን የማያሳይህ መካኒክ ከሆነ መኪናህን ይዘህ ውጣ። ኩሽኔታና ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘው ጎማ) እዛው ቀይር፣ አሮጌ ኩሽኔታ ላይ ውድ ዕቃ አይታሰርም። ከአክስሉ ቤት አናት ላይ ያለችውን መተንፈሻ ደግሞ በጎማ ቱቦ ወደ ላይ አስረዝማት፣ የሞቀ ዲፈረንሻል ወንዝ ውስጥ ሲገባ በአንዴ ይቀዘቅዝና ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ዘይቱ ወተት የመሰለ እንደሆነ ይሄ ነው ነገሩ።

ሎከሩን የምታስገባው ጭቃው ውስጥ ከመግባትህ በፊት ቀስ እያልክ ነው፣ ጎማ እየሾረ በፍፁም። ካለፍክ ወዲያው ክፈተው፣ ያዘነበለ ቦታ ላይም ክፈተው።

ጥያቄ፦ ከአዘጋጁ ጋር ሰላም ለናንተ ይሁን። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ አጭሩ ላንድሮቨር ሲሪየስ 3 አለኝ። አስፋልት ላይ ቶሎ እንድትሄድ ብለን የኋላውን ዲፈረንሻል በሬንጅሮቨር ቀየርነው፣ ፍጥነቷ በጣም ደስ አለኝ። ከዛ ወዲህ ግን ደባርቅ አካባቢ ዳገት ላይ ፎር ሳስገባ ሁለት ጊዜ የኋላ አክስል ተሰበረብኝ። ሎከር ባስገባ ይጠነክራል? (ከጎንደር)

መልስ፦ መምህር፣ እግዜር ያክብርልኝ። አክስሉን የሰበረው ዳገቱ አይመስለኝም፣ የቁጥር ጉዳይ ነው። የሲሪየስ ዲፈረንሻል 4.7 ነው፣ ማለትም ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ረጅሙ ዘንግ 4.7 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ፣ የሬንጅሮቨሩ ደግሞ 3.54 ነው። ቤቱ ልክ ስለሚገባ ብዙ ሰው ይቀይረዋል፣ ግን የፊቱም አብሮ ካልተቀየረ ፎር ሲገባ የኋላ ጎማዎች ከፊቶቹ በአንድ ሦስተኛ ፈጥነው መዞር ይፈልጋሉ። ጭቃ ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል፣ ድንጋይና ጠጠር ላይ ግን የሚንሸራተት የለም፣ የሆነ ነገር መስበሩ አይቀርም፣ እርስዎ ጋ አክስሉ ተሰበረ እንጂ የፎሩ ካምቢዮም ሊሆን ይችል ነበር። እስኪስተካከል ድረስ እባክዎን ፎር አያስገቡ።

ካልተማመኑ ራስዎ መቁጠር ይችላሉ። አንድ የኋላ ጎማ ብቻ ያንሱ፣ ሌላው መሬት ላይ ይሁን፣ ካምቢዮው ዜሮ፣ የእጅ ፍሬኑ የተለቀቀ፣ ያልተነሱት ጎማዎች ግን በሁለቱም በኩል በደንብ ድንጋይ የተደገፉ። የተነሳውን ልክ ሁለት ዙር ሲያዞሩት ረጅሙ ዘንግ ስንት ዞረ? ያ ነው ቁጥሩ። ፊቱንም በዚሁ መንገድ፣ ሎኩን አስይዘው።

ድንጋዩን እንዲህ አጥብቄ የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ እንደርስዎ ያለ ላንድሮቨር የኋላ ጎማ ፈነዳብኝ፣ የእጅ ፍሬን ስቤ በክሪክ አነሳሁ፣ መኪናው ክሪኩን ጥሎ ወደፊት ሄደ። የረዳቴ እጅ ከስሩ የወጣው ለጥቂት ነው፣ እስከ ዛሬ አልረሳውም። የእነዚህ መኪኖች የእጅ ፍሬን ጎማውን አይደለም የሚይዘው ከካምቢዮ የሚወጣውን ዘንግ ነው፣ የመንዙ ወንድማችን ቢጄ40ም እንደዛው ናት። አንድ ጎማ ከተነሳ ዲፈረንሻሉ መሬት ላይ ያለው እንዲዞር ይፈቅዳል፣ የተነሳው ወደ ኋላ ይሽከረከራል፣ ፍሬኑ ምንም ሳይል መኪናው ይሄዳል።

ሎከሩን በተመለከተ፣ አያጠነክርም፣ እንዲያውም አክስሉን የበለጠ ያስጨንቀዋል። ክፍት ዲፈረንሻል ላይ እያንዳንዱ አክስል ግማሹን ነው የሚሸከመው፣ ሲዘጋና አንዱ ጎማ አየር ላይ ሲሆን ግን ሙሉው ጉልበት አንዱ ላይ ያርፋል። በሎው (ቀስተኛው የፎር ማርሽ) አንደኛ ላይ፣ በ4.7 ዲፈረንሻል ሞተርዎ 40 ጊዜ ያህል፣ በ3.54 ደግሞ 30 ጊዜ ያህል ዞሮ ነው ጎማው አንዴ የሚዞረው፣ ያ ሁሉ ጉልበት በዛች ባለ 10 ጥርስ አክስል ሲያልፍ ይታይዎት። የኔ ሀሳብ ወይ የፊቱንም 3.54 ያድርጉ ወይ የኋላውን ወደ 4.7 ይመልሱ። ዳገት ለዳገት የሚመላለሱ ከሆነ እኔ ብሆን እመልሰዋለሁ፣ 3.54 ሎውንም ስለሚያፈጥነው ቁልቁለት ላይ ሞተሩ እንደድሮው አይዝልዎትም። ሎከር ከፈለጉ የተጠናከረ አክስል አብሮ ይገዛል፣ ብቻውን አይገባም።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔ ኤምሬትስ፣ አል አይን ነው ያለሁት፣ የ1987 ላንድክሩዘር 60 ገዛሁ፣ አርብ አርብ ከሐበሻ ልጆች ጋር አሸዋ እንወጣለን፣ ሁሌ የምትቀበረው የኔ ናት። ሎከር ልግዛ?

መልስ፦ ገና ነው። መጀመሪያ የጎማህን ንፋስ ስንት እንደምታደርገው አልነገርከኝም፣ በአስፋልቱ 35 ፒ ኤስ አይ ከሆነ የምትገባው ማንም ቢሆን ይቀበራል። ወደ 15 አውርደው፣ ጎማው ተለጥጦ አሸዋው ላይ ይንሳፈፋል። አሸዋ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አራቱም ጎማ አንድ ላይ ነው የሚሰምጠው፣ ሎከር የሚጠቅመው አንዱ ጎማ ተንጠልጥሎ ሌላው ሲይዝ ነው። መሸራተት ስትጀምር ነዳጅ አትጨምር፣ ልቀቅና በመጣህበት ወደ ኋላ ውጣ። በዚህ ንፋስ በኃይል አትታጠፍ ጎማው ከቸርኬው ይወጣል፣ አስፋልት ከመውጣትህ በፊት ደግሞ የግድ ሙላው፣ ኮምፕረሰር ከሌለህ ከሎከሩ በፊት እሱን ግዛ።