መልስ፦ አዲስ ስልክ 8 ሰዓት ቻርጅ መደረግ አለበት?
«መጀመሪያ 8 ሰዓት ይሰካ፣ ከዚያም ዜሮ ሳይደርስ ቻርጅ አይደረግ» ያሉህ ሰዎች የሚያወሩት ስለ ድሮዎቹ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ነው። ያንተ ስልክ ሊቲየም አዮን ነው፤ ሲሞላ ራሱ ስለሚያቆም ትርፉ ሰዓት ምንም አይጨምርለትም። ደጋግሞ ዜሮ ማድረስ ግን በእርግጥ ይጎዳዋል። ከ20 እስከ 80 በመቶ ባለው መካከል ብታቆየው ዕድሜው ይረዝማል።

ከሁሉ የከፋው ሙቀት ነው፦ ቻርጅ እያደረግህ ከባድ ጌም አትጫወት፣ ትራስ ስር አትተወው፣ ከሞቀ ከቨሩን አውልቅለት። ለወራት የምታስቀምጠው ከሆነ 50 በመቶ ገደማ ላይ አጥፍተህ አስቀምጠው፤ ባዶውን ከቆየ ቮልቴጁ በጣም ወርዶ ጨርሶ ቻርጅ አልይዝም ሊል ይችላል። ዜሮ አድርሶ እስከ 100 መሙላት የሚጠቅመው የመቶኛው ቁጥር ሲዘባርቅ ብቻ ነው፤ ያኔም የሚስተካከለው ቆጣሪው እንጂ ባትሪው አይደለም።