በጣቴ ሰምቼ ያልጻፍኩት

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ገና ቡናው ሳይፈላ በሬን አንኳኳ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሲወለድ የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ሲያመው መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። እኅቱ ከዱባይ የላከችለትን ጥቁር ስማርት ሰዓት ከነእጁ ዘረጋልኝ።

«ሲስተር፣ ሌሊት ሁለት ሰዓት ከ14 ላይ ‹የልብ ምትህ ወጥ አይደለም› ብሎኛል። ጓደኞቼ ግን ዕቃ ስለሆነ ዝም ብሎ ነው የሚለፈልፈው፣ ማስጠንቀቂያውን አጥፋው ይላሉ። ላጥፋው?»

«ሌሊት ሁለት ሰዓት የሚባል የለም» አልኩት በቅድሚያ። አመሌ ነው። ሰዓቱ 2:14 ያለው የእኛን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14 ነው። አሁን አሁን ወጣቱ ሰዓቱ ላይ የታየውን ቁጥር እንዳለ እየጠራ ከገዛ እናቱ ጋር በቀጠሮ መገናኘት አቅቶታል። «በ2 ሰዓት ውሰድ» ተብሎ፣ በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ሳይነገረው መድኃኒቱን ይዞ ወደ ቤቱ የሄደ ታካሚ ስንት እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። 38 ዓመት በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ይህን የመሰለ ነገር ስሰማ ማለፍ አልችልም።

ከዚያ ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ያስቀመጠኝ «አጥፋው» የሚለው ቃል ነው። ይህን የምጽፍላችሁም ከዚያ ጠዋት ወዲህ እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ ነው።

1978 ዓ.ም.፣ ሐምሌ ነበር። ከተመረቅሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ፤ በአንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል የወንዶች ክፍል የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ለሠላሳ ስድስት አልጋ አንድ ነርስ። ጄኔሬተሩ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሌሊት የፋኖስ ነው። እጄ ላይ ሴይኮ ሰዓት አለች፤ አራት ወር ከደመወዜ እየቆጠብኩ ከአሰብ ከሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር የገዛኋት፤ ጠቋሚዎቿ በጨለማ አረንጓዴ የሚያበሩ። እንዴት እንደምኮራባት! የታካሚ እጅ ስይዝ ክንዴን ከሚያስፈልገው በላይ ከፍ አደርገው ነበር፤ ሰው እንዲያያት። ዛሬ የሰዓታችሁን ማሰሪያ ከጫማችሁ ቀለም ጋር ስታመሳስሉ የምቆጣችሁ በምን መብቴ እንደሆነ እንጃ።

አሥራ አንደኛው አልጋ ላይ መጥረቢያ እግራቸውን የመታቸው አንድ የገጠር አባት ተኝተው ነበር። ቁስላቸው ጠግጓል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሊወጡ ነው። ምታቸውን ልቆጥር አንጓቸውን ይዤ ዓይኔን ሰዓቷ ላይ ስተክል በፋኖሱ ብርሃን ትክ ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ የቀረኝ ዕድሜ እዚያ ላይ ይታያል እንዴ?»

ሳቅሁ። «ገና ብዙ አለዎት አባባ» አልኳቸው።

ጣቶቼ ግን አንድ ነገር ሰምተው ነበር። ሁለት ይመታል፣ ይዘላል፤ ሦስት ተከታትሎ ይሮጣል፣ ይቆማል፤ ከዚያ አንዲት ደካማ፣ አለች ለማለት የምታስቸግር ምት። ጭነት ያንገዳገደው በቅሎ ድንጋያማ ቁልቁለት ሲወርድ የሚያሰማው ዓይነት ኮቴ። ትምህርት ቤት ሳለን፣ ምቱ ወጥ ካልሆነ ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሩ፤ ከዚያም አንዳችሁ በማዳመጫ ደረት ላይ፣ አንዳችሁ አንጓ ላይ ሆናችሁ አብራችሁ ቁጠሩ፤ ልብ መትቶ አንጓ ድረስ ያልደረሰው ስንት እንደሆነ ልዩነቱ ይነግራችኋል ተብለናል። እኔ 15 ሰከንድ ቆጠርኩ። 21 መጣ። በአራት ሲባዛ 84። 84 ደግሞ መልካም ቁጥር ነው። ቻርቱ ላይ 84 ብዬ ጻፍኩና ወደ አሥራ ሁለተኛው አልጋ አለፍኩ።

ከቁጥሩ ጎን «ወጥ አይደለም» ለመጻፍ የሚበቃ ባዶ ቦታ ነበር። ሲነጋ ደግሜ አያለሁ አልኩ። ሲነጋ ርክክብ አደረግሁ፤ ዝናብ እየደበደበኝ ወደ ቤቴ ሄጄ ተኛሁ። በሚቀጥለው ሌሊትም እንዲሁ። 80።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ከድቷቸው፣ አፋቸው ተጣሞ፣ ንግግራቸው ጠፍቶ ተገኙ። ስትሮክ ነበር፤ ልብ እንዲህ እየዘለለ ሲመታ ውስጡ የሚረጋው ደም ወደ አንጎል ሄዶ ሥር ሊዘጋ ይችላል። በጊዜው ከእኛ ጋር ይሠራ የነበረው ኩባዊ ሐኪም ደረታቸውን ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። «ምቱ እንዲህ መዝለል ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?» አለና ቻርቱን ገለጠ። 84፣ 80፣ 88፣ 84። የሚያምር ቁጥር። ዓይኑን ወደ እኔ አነሳ።

ዝም አልኩ።

ብናገርስ ምን ይለወጥ ነበር? የልብን ምት ወረቀት ላይ የሚስለው የኢሲጂ ማሽን ወረቀት ካለቀበት ወራት አልፈዋል፤ ደም የሚያቀጥነው መድኃኒት እኛ ዘንድ አልነበረም። ይህን ለራሴ ስነግረው አርባ ዓመት ሊሞላ ነው፤ እስካሁን አላሳመንኩትም። ዘመዶቻቸው በቃሬዛ ሊወስዷቸው የመጡ ዕለት በጤነኛው ግራ እጃቸው አንጓዬን ያዙኝና የሰዓቷን መስታወት በአውራ ጣታቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ለቀቁኝ። ሴይኮዋን መስከረም ሳይጠባ ሸጥኳት።

እንግዲህ ይህ ልጅ እጁ ላይ ያሰረው ዕቃ የሚሠራው እኔ ያን ሌሊት ያልሠራሁትን ነው። ከሥሩ የሚብለጨለጨው አረንጓዴ መብራት ለጌጥ የተደረገ አይደለም። ቀይ ደም አረንጓዴ ብርሃን ይመጥጣል፤ ልብ ሲመታ አንጓ ላይ ያለው ደም ስለሚበዛ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ያንሳል፤ በምትና በምት መካከል ደግሞ ይጨምራል። ሰዓቱ ይህን እያየ ከአንዱ ምት እስከ ሌላው ያለውን ጊዜ ይለካል፤ ጊዜው ደጋግሞ ሲዘበራረቅበት ይናገራል። አሥራ ሁለተኛ አልጋ አይጠብቀውም። ማሰሪያው ከላላ፣ እጅ ከበረደ ወይም አንጓ ላይ ንቅሳት ካለ ግን ብርሃኑ ይሳሳታል፤ እንደ እናቴ አንጓ በንቅሳት ያጌጠ ቢሆን ኖሮ ምን ያነብ እንደነበር አስባለሁ።

ለፍላፊ ነው ለሚሉት ጓደኞቹ መልስ እንዲሆነው እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመውን የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነገርኩት። 419,297 ሰዎች የአፕል ሰዓት አስረው ሲከታተሉ ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው 2,161 ብቻ ናቸው፤ ከመቶ አንድ ሰው እንኳ አይሞላም። ከ40 ዓመት በታች በሆኑት ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እንዲህ ያለ ቁጥብ ለፍላፊ እኔ አላውቅም። ማስጠንቀቂያ ከደረሳቸው መካከል በኋላ የኢሲጂ መከታተያ ደረታቸው ላይ ለጥፈው የመለሱት 450 ሲሆኑ፣ 34 በመቶ ያህሉ ላይ ያ የሚዘለው ምት፣ ሐኪሞች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚሉት፣ ተገኝቷል። ሕመሙ መጣ ሄድ ስለሚል የቀሩት ሁሉ በከንቱ ደነገጡ ማለት አይቻልም።

ይህን የምለው በአግባቡ ስለተፈተነ ሰዓት ነው። ኮፒው ሌላ ነገር ነው። አንዱን ተውሼ ሙዝ ላይ አሰርኩት፤ የሙዙ ልብ በደቂቃ 72 ጊዜ ይመታል፤ የደም ግፊቱ 118 በ76 ነው፤ ከእኔ ይሻላል። ከሁሉ የከፋው የደም ስኳር እለካለሁ የሚለው ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ቆዳ ሳይወጋ የደም ስኳር እለካለሁ ለሚል ለየትኛውም ሰዓትም ሆነ ቀለበት ፈቃድ እንዳልሰጠ ገልጾ አስጠንቅቋል። ስኳር ያለባትን እናታችሁን በእንዲህ ያለ ስጦታ አታስደስቷት፤ ኢንሱሊኗን በሙዝ ቁጥር ትመጥናለች።

እኔም ሰዓት አለኝ። የመጀመሪያው ርካሽ ነበር፤ አማርኛ ሁሉ እሱ ዘንድ ሲደርስ ባዶ ሣጥን ይሆናል። ልጄ ከሜሪላንድ «ናፍቀሽኛል» ብላ ትልካለች፤ እኔ የማየው ስድስት ሣጥን ነው። ሁለተኛውን እሷው ላከችልኝ፤ ብወድቅ እንዲደውልላት። ቡና ስወቅጥ እርምጃ ይቆጥርልኛል፤ በዚያው እጄ ጀሪካን አንጠልጥዬ ደረጃ ስወጣ ግን ክንዴ ስለማይወዛወዝ የተቀመጥኩ ይመስለዋል። በስቅለት ስሰግድ ስፖርት ጀምረሻል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

10,000 እርምጃ ካልሞላ እህል የማይወርድላችሁ እንዳላችሁም ሰምቻለሁ። ቁጥሩን ሐኪም አላዘዘውም። አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ በወሰደበት የ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ አንድ የጃፓን ኩባንያ ለሚሸጠው እርምጃ ቆጣሪ «ማንፖ ኬ» ብሎ ስም አወጣለት፤ የአሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ ማለት ነው። የገበያ ስም ነው። ተራመዱ ግን።

ሌሊት አውልቃችሁ ተኙ ልላችሁ ነበር። ጠዋት ነቅቶ ደህና ተኝቶ እንደሆነ አንጓውን የሚጠይቅ ሰው ያናድደኛል፤ «እንዴት አደርክ?» ሲባል መልሱ ከራሱ ከሰውየው ይወጣ ነበር። ነገር ግን ልጁ አውልቆት ቢሆን ኖሮ የ8 ሰዓት ከ14ቱን ማን ይነግረው ነበር? እኔም አላወልቅም። እንግዲህ እንደፈለጋችሁ። ለቅሶ ቤት ገብታችሁ ሰዓቱ ሲነዝራችሁ አንጓችሁን የምታዩትን ግን ይቅር አልልም። ሰው ፊት ሰዓት ማየት «ልሂድ» ማለት ነው፤ መልእክት እያነበብኩ ነው ብትሉ ሐዘንተኛው በምን ያውቃል?

ስለ ባትሪውና ስለ ውሃው ሻጩ ይነግራችኋል።

ልጁን በሦስቱ መካከለኛ ጣቶቼ ያዝኩት። አውራ ጣት የራሱ ምት ስላለው ያሳስታል። የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ሙሉ 60 ሰከንድ ቆጠርኩ። 68፤ ወጥ። ቢሆንም ማስጠንቀቂያውን እንዳያጠፋው አስምዬ፣ የሰዓቱን መዝገብ ይዞ ወደ ሐኪም እንዲሄድ አደረግሁ። ራስ መሳት፣ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ቢኖርበት ኖሮ ቡና እንኳ አላጠጣውም ነበር፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። እነዚህ ኖረው ሰዓቱ ዝም ቢልም ያው ነው። ሐኪሙ ኢሲጂ አነሳው፤ ደህና ነው። ስለ እንቅልፉና በቀን አራት ጣሳ ስለሚጠጣው የኃይል መጠጥ ጠየቀው፤ ለ24 ሰዓት መከታተያም ቀጠሮ ሰጠው። ጓደኞቹ «አላልንህም?» ብለው ሳቁበት አሉ። ይሳቁ።

እኔ ደግሞ በዚያው ቀን አንድ ደብተር ገዛሁ። ማታ ማታ ሰዓቱን ሳላይ የራሴን አንጓ ይዤ ሙሉ ደቂቃ እቆጥራለሁ። ትናንት እኔ 72 አልኩ፤ ሰዓቱ 71። የእኔን ጻፍኩ። ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታም «ሁለት ጊዜ ዘለለ» ብዬ ጨመርኩ። ሰኞ ቀጠሮ አለኝ።