የ8 ካሬ ጣጣ

ጥያቄ፦ የካ አባዶ ነው የምኖረው፤ ሥራዬ ጂፕሰም ነው። ለገጣፎ አንድ መኖሪያ ቤት ኮርኒስ ሠራሁ። ዕቃው የባለቤቱ ሆኖ፣ የእጅ ዋጋ በካሬ 350 ብር በቃል ተስማማን። 5,000 ብር ቀብድ በቴሌብር ላከልኝ። ስጨርስ 62 ካሬ ብዬ ቀሪውን 16,700 ብር ስጠይቅ «እኔ የለካሁት 54 ነው፤ ደግሞስ ምን ውል አለን?» አለኝ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሞላው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሁለት ጭቅጭቅ ተደባልቆብዎታል።

«ውል የለንም» ላለው መልሱ ቀላል ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1719 መሠረት፣ ሕግ በተለየ አኳኋን ይደረግ ካላለ በቀር ውል በቃልም ይጸናል። በጽሑፍ ካልሆነ የማይረጋው እንደ ቤት ሽያጭ ያለው ነው እንጂ የኮርኒስ ሥራ አይደለም። ሰውየው ደግሞ ቀብድ ሰጥቷል፤ ቀብድ መስጠቱ ራሱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው (አንቀጽ 1883)። የቴሌብሩን መልእክት ከነግብይት ቁጥሩ እንዳያጠፉት። ረዳት ወይም ሥራውን ያገናኛችሁ ደላላ ካሉም ምስክር ይሆናሉ። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ ቀሪውን ብር «ያበደርኩት» ብለው እንዳይጽፉ። ከ500 ብር በላይ ብድር በሰው ምስክር አይረጋገጥም፤ የእርስዎ የሥራ ዋጋ ነው።

የ8 ካሬዋ ልዩነት ከየት መጣች? ብዙ ጊዜ ከስቴፕ፣ ማለትም ኮርኒሱ ላይ ዝቅ ተደርጎ ከሚሠራው ደረጃ ነው። ባለቤት የሚለካው የክፍሉን ርዝመትና ስፋት ነው፤ ሠራተኛ ግን ቁልቁል የወረደውን የስቴፕ ጎን ይጨምራል። 20 ሳንቲ ሜትር የወረደ ስቴፕ ዙሪያው 40 ሜትር ከሆነ፣ 0.20 ሲባዛ በ40 ልክ 8 ካሬ ይመጣል። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ማንም አልዋሸም፤ ስቴፑ በካሬ ይቆጠር በሜትር ሳትነጋገሩ ነው ሥራው የተጀመረው። ክፍሎቹን አንድ በአንድ ከባለቤቱ ጋር እንደገና ለኩ፤ ስቴፑን ለብቻው ጻፉት። ካልተግባባችሁ ሁለት ሌሎች ጂፕሰም ሠሪዎች መጥተው ይዩት፤ ሽማግሌም ቢሆን ያለ እነሱ ቃል መፍረድ ይቸግረዋል።

በ54ቱ ግን ጠብ የለም። 18,900 ነው፤ ቀብዱ ሲነሳ 13,900። ይህን አሁኑኑ ይጠይቁ፣ 2,800ዋ ትቆይ። ሲቀበሉ «ሂሳቤን ጨርሻለሁ» የሚል ወረቀት ላይ አይፈርሙ፤ «ከሂሳቡ ላይ 13,900 ብር ተቀብያለሁ» ይበቃል።

እምቢ ካለ ማስጠንቀቂያ ይጻፉለት፤ በአንቀጽ 1772 መሠረት ከክስ በፊት የሚመጣው እሱ ነው። የሥራው ቦታ፣ ያለቀበት ቀን፣ ካሬው፣ ዋጋው፣ የተከፈለው፣ ቀሪው፣ የ15 ቀን ቀጠሮ፤ አንድ ገጽ አይሞላም። በስልክ መልእክት ይላኩት፣ ወረቀቱንም በሁለት ሰው ፊት ይስጡት። ሕጉ የሚፈቅደውን 9 በመቶ ዓመታዊ ወለድም ይጥቀሱ። በ16,700 ላይ በዓመት 1,503 ብር ነው፤ ትንሽ ናት፣ ግን ተጽፋ ስትታይ ሰው ታነቃለች።

ፖሊስ ጋ ቢሄዱ «ፍትሐ ብሔር ነው» ብሎ ይመልስዎታል። ኮርኒሱን ላፍርሰው ካሉ ደግሞ ከሳሹ እሱ ይሆናል፣ ያውም በወንጀል።

የውል ክስ ተከሳሹ በሚኖርበት፣ ወይም ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታ ሊከፈት ይችላል። ለገጣፎ ከአያት ቢጎራበትም ዛሬ ሸገር ከተማ ነው፤ ፍርድ ቤቱም የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው። ባለቤቱ በቋሚነት የት እንደሚኖርና ዋጋ የተነጋገራችሁት የት እንደነበር ለይተው ይዘው፣ ክስ ከማስጻፍዎ በፊት የፍርድ ቤቱን ሬጅስትራር (መዝገብ ቤት) ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ አያት ቤቴ ሆኜ ሎጎና ፖስተር እሠራለሁ። ትእዛዙም ዋጋውም በቴሌግራም ነው። ደንበኛ ሳይከፍል ቢጠፋ ማስረጃ ይሆነኛል?

መልስ፦ ይሆናል፣ በእጅዎ እስካለ ድረስ። በቴሌግራም የግል ውይይት ሌላው ወገን መልእክቱን ከእርስዎም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ይችላል፣ ወራት ቢያልፉም። ዋጋው የተነገረበትን ገጽ ቀኑ እንዲታይ አድርገው በዚያው ዕለት ስክሪንሾት ያንሱ፤ በኮምፒውተሩ ቴሌግራም ሙሉ ውይይቱን ወደ ፋይል ማውጣትም ይቻላል። ዩዘርኔም ብቻ ከሆነ ግን ሰውየው ማን እንደሆነ ማስረዳት ይከብዳል። ስለዚህ ትንሽም ብትሆን ቀብድ በባንክ ወይም በቴሌብር ይቀበሉ፤ የከፋዩ ስም አብሮ ይመጣል። ናሙናውን ጥራቱ ዝቅ ባለ ምስል፣ መሃሉ ላይ ስምዎን ጽፈው ይላኩ፤ ዋናው ፋይል ቀሪው ብር ከገባ በኋላ ይሂድ።