በምትነጥር ጠብታ እንጀራ ይበላል?

ሰላም ወንድሜ፣ ከኮዬ ፈጬ የላክኸው ጥያቄ ደርሶኛል። የፊዚክስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነህ፤ በሚንቀጠቀጥ ዘይት ላይ ሳትቀላቀል የምትነጥር ጠብታ በቪዲዮ አይተህ ልብህ ሸፈተ፤ «የኳንተምን ምስጢር የሚፈታ ሙከራ» የሚል የመመረቂያ ርዕስ ይዘህ ብትቀርብ አማካሪህ መለሱብህ፤ አባትህ ደግሞ «ይሄ ነገር እንጀራ ይሆናል ወይ?» ይላሉ።

እውነቱን ልንገርህ፣ አማካሪህ ልክ ናቸው። የፊዚክስ ተመራማሪው ኢቭ ኩዴርና ባልደረቦቹ ፓሪስ ውስጥ ጠብታዋ በራሷ ሞገድ እየተገፋች እንደምትሄድ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በማግስቱ ዓመት፣ ጠብታዋ በሁለት ቀዳዳ እያለፈች እንደ ኤሌክትሮን የሞገድ ዓይነት ንድፍ ሠራች ተባለ። በ2015 ግን ዴንማርክ ያሉ ተመራማሪዎች ሙከራውን ደግመው ያንን ንድፍ አላገኙትም። በሰው ክርክር መሃል ገብተህ መመረቂያህን አታስይዝ።

የጠብታዋ ሜካኒክስ ግን ራሱን የቻለ ሀብት ነው። ፈሳሹ ላይ ስታርፍ ከሥሯ ስስ አየር ይቀራል፤ አየሩ ተጨምቆ ሳያልቅ ፈሳሹ መልሶ ወደ ላይ ይወረውራታል። የንዝረቱን ብርታት ቀስ እያልክ ስትጨምር በየሁለት ንዝረቱ አንዴ መንጠር ትጀምራለች። በየምቱ ሞገድ ታስነሳለች፤ የሞገዱ ተዳፋት ላይ ስታርፍም ወደ ጎን ይገፋታል። ከዚያም ካለፍክ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያጠናው ነገር ይመጣል፦ ጠብታ ሳይነካው ፈሳሹ ራሱ ይሞግዳል፣ ያውም በንዝረቱ ግማሽ ድግግሞሽ። ይህችን «ግማሽ» በእጅህ ለክተህ ከነስህተት መጠኗ ካቀረብክ ለእኔ በቂ መመረቂያ ነው።

ዕቃ የለም አትበል። ከሶማሌ ተራ አሮጌ የመኪና ስፒከር ከነማጉያው ፈልግ፤ ላዩ ላይ ትንሽ ሰሃን አጥብቀህ ለጥፍ፤ በስልክህ የድምፅ ማመንጫ አፕ ከ50 እስከ 80 ኸርዝ (በሰከንድ ይህን ያህል ንዝረት) ላክበት። ሲሊኮን ዘይት ካጣህ ውሃ በላርጎ ሞክር። ጠብታዋ ከ1 ሚሊሜትር ባትበልጥ ይሻላል፤ ስቴኪኒ ነክረህ ፈጠን አድርገህ ስታወጣው ትወለዳለች። ሰሃኑ ካጋደለ ወደ አንድ ጎን ስለምትሸሽ ውሃ ልክ ከግንበኛ ተዋስ። በ60 ኸርዝ፣ በሰከንድ 240 ፍሬም የሚቀርጽ ስልክ ለአንድ ንዝረት 4 ፍሬም ይሰጥሃል፤ ብዙ ባይሆንም ለመቁጠር ይበቃል። (መብራት ሲጠፋ ጠብታዋም አብራ ትጠፋለች፤ ባትሪ አዘጋጅ።)

ወደ አባትህ ጥያቄ እንምጣ። «የጠብታ ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አይወጣም። ገበያ ያለው ንዝረት መለካት፣ ቪዲዮን በፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ወደ ቁጥር መለወጥና ፈሳሽ እንዴት እንደሚበተን ማወቅ ነው። ሰፈርህ አጠገብ ቂሊንጦ የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ ክኒን የሚለበጠው ልባሱ በደቃቅ ጠብታ እየተረጨበት ነው። የገላንና የዱከም ፋብሪካዎች ደግሞ ሞተር በሞተር ናቸው።

ንዝረትን በስልክ የሚለካውን ፋይፎክስ የሚባል ነጻ አፕ ጫንና ባለቤቱን አስፈቅደህ የሰፈርህ ወፍጮ ቤት ግባ። ስልክህን ከቀበቶው አርቀህ የሞተሩ መቀመጫ ላይ አኑር። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ባለ አራት ፖል (አራት የማግኔት ዋልታ ያለው) ሞተር በደቂቃ ከ1500 ጥቂት ባነሰ ፍጥነት ይዞራል፤ ስለዚህ ከ25 ኸርዝ ትንሽ ዝቅ ብሎ የቆመ ጫፍ ግራፉ ላይ መፈለግ ነው። ሌላ ጫፍ ካየህ ምንጩን አጣራ፤ ቀበቶው ወይም ኩሽኔታው ሊሆን ይችላል። ሥራ ፍለጋ የፋብሪካ ጥገና ክፍል ኃላፊ ፊት ስትቀርብ ከውጤት ወረቀትህ በፊት ይህን ግራፍ አውጣ።

ቲዎሪው ካልለቀቀህ ጣሊያን ትሪየስቴ ያለው አይሲቲፒ፣ ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1964 የመሠረተው ዓለም አቀፍ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል፣ ለታዳጊ አገር ተመራቂዎች ወጪ የሚሸፍን የአንድ ዓመት የድህረ ምረቃ ዲፕሎማ አለው። ማመልከቻው የምክር ደብዳቤ ይጠይቃል፤ ደብዳቤውን የሚጽፉልህ ደግሞ እኚሁ ርዕስህን የመለሱት አማካሪህ ስለሆኑ፣ ሰኞ አዲሱን ርዕስ ይዘህ ቢሯቸው ግባ።